መንቆረርን ፍለጋ፦ ከአባይ በረሃ እስከ እንጅባራ አምስት ቀን

ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ደጃች ውቤ ሰፈር ነው። የእናቴ አባት ግን የጎጃም ሰው ነበሩ። ደብረ ማርቆስን በዚህ ስሟ ሲጠሯት አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው «መንቆረር» ነበር የሚሏት። ልጅ ሆኜ «ሰፈርህ ማን ይባላል?» ይሉኛል። «ደጃች ውቤ» እላለሁ። «እሱማ የደጃዝማቹ ነው፤ ንጉሡ በየት በኩል ነበሩ?» ይሉኝ ነበር። ጥያቄው አይገባኝም፤ እሳቸውም አያብራሩልኝም።

ሰፈር ማለት መጀመሪያ ጦር ድንኳን ተክሎ ያረፈበት ቦታ መሆኑን ልብ ያልሁት ካረፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ የሳቸውን አገር ከተሞች በዚህ ዓይን ለማየት ሄድሁ። በየማታው የጻፍሁትን አሁን ቤቴ ተቀምጬ አስተካክዬዋለሁ።

ጥር 19፣ 2012 ዓ.ም.፦ አባይ በረሃ፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ

ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ሊነጋጋ ሲል ተነሣን። ታሪፉ 185 ብር ነበር፤ ሻንጣዬን ጣራ ላይ የጫነው ልጅ ሌላ 20 ብር ተቀበለኝ። እስከ ጎሐ ጽዮን ተኝቼ ነው ያለፍሁት።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን የሚተኛ የለም። አስፋልቱ በየቦታው ተነሥቶ ተጣጥፏል፤ ከሥሩ ያለው መሬት ስለሚንሸራተት ቢጠግኑትም አይሰነብትም። ግማሽ ላይ ስንደርስ የፍሬን ሽታ መኪናውን ሞላው። ሹፌሩ ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አቆመ፣ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ወሸቀ። ሁላችንም ወርደን አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ቆምን። ውኃ የሚያዞር ልጅ ትንሿን ፕላስቲክ በ15 ብር ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ ሙቀት ውስጥ አንድም ሰው ዋጋ አልተከራከረውም።

ያ መቆም በጀኝ። ቁልቁል ወንዙን እያየሁ ጦር በዚህ እንዴት ይሻገር እንደነበር አሰብሁ። አባይ ጎጃምን በሦስት ወገን ዙሮታል። በክረምት ሲሞላ የዚያ ማዶ ሰው እዚያ፣ የዚህ ማዶ ሰው እዚህ ይቀራል። ንጉሥ የሚዘምተው በበጋ ነው፤ ዝናቡ ሲቀርብ ከፍ ያለ፣ እንጨትና ውኃ የማያጣ ቦታ መርጦ ይከርማል። አንድ ቦታ ደግሞ ደጋግሞ ከተከረመበት ድንኳኑ ወደ ጎጆ፣ ጎጆው ወደ እልፍኝ ይለወጣል፤ ነጋዴው ይከተላል፣ ቤተ ክርስቲያን ይተከላል። ከአገራችን ከተሞች ብዙዎቹ የተወለዱት እንዲህ ነው። ዛሬ እኛ በጃፓኖች እርዳታ በተሠራው ድልድይ በሁለት ደቂቃ ነው የተሻገርነው።

ማዶ ሽቅብ ወጥተን ደጀን ምሳ በላን፤ ሽሮ 45 ብር። ደጀን በጦር ቋንቋ ከዘማቹ ኋላ ሆኖ የሚደግፈው ኃይል ነው። ያስተናገደችንን ሴት ስለ ስሙ ብጠይቃት «እናንተ ለእኛ ደጀን ናችሁ እንደሚባለው ነዋ!» አለችኝ፤ ቃሉ በአፏ ላይ ዛሬም ሕያው ነው።

ከዚያ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው። ጤፉ ታጭዶ አውድማ ላይ ወጥቷል፤ በሬዎቹ እየዞሩ ያበራያሉ። ማርቆስ ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አልጋ በ350 ብር ያዝሁ። ማታ ይመጣል የተባለው ውኃ ሳይመጣ አደረ፤ በባልዲ በተቀዳልኝ ውኃ ታጠብሁ። ብርዱ የአዲስ አበባን የኅዳር ሌሊት ይመስላል።

ጥር 20፦ ደብረ ማርቆስ

ረቡዕ ነው፣ ጾም። ጠዋት በያይነቱ በልቼ (55 ብር፤ እንጀራው ያለ ጭማሪ ክፍያ ይደገም ነበር፣ ነጭ የጎጃም ጤፍ) ወደ ቤተ መንግሥቱ ወጣሁ።

መንቆረርን በ1845 ዓ.ም. የቆረቆሯት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው። ከተማ ያደረጓት ግን ራስ አዳል ተሰማ ናቸው፤ በጥር 1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ብለው ሲያነግሧቸው ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አስተከሉ፣ የከተማዋም ስም በታቦቱ ተለወጠ። ቤተ መንግሥቱና ቤተ ክርስቲያኑ ከፍታው ላይ ናቸው፣ ብዙም አይራራቁም። ከዚያ ቆሞ የሚያይ ሰው ከተማዋ ወደ ታች እንዴት እንደፈሰሰች ይገባዋል፦ ላይ ቤት፣ ታች ቤት፣ ከዚያ ገበያ። አዲስ አበባም ከግቢው ኮረብታ ላይ ስትታይ እንዲሁ ናት፤ ልዩነቱ እኛ ጋ ፎቁ ሁሉንም ጋርዶታል።

ከሰዓት በኋላ የአያቴ ዘመድ ቤት ተጠራሁ። ጋሼ የታሪክ መምህር ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ቡና አፍልተው፣ ቆሎ በሰፌድ አቅርበው ነበር። ስለ ሰፈር ብጠይቃቸው ጋሼ በቃል ከመንገር ይልቅ ረከቦቱን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

«ጀበናው ንጉሡ ነው» አሉና መሐል አስቀመጡት። አንድ ስኒ አንሥተው ከፊቱ ራቅ አድርገው አኖሩ። «ይኸ ፊታውራሪ፤ ፊት የሚያወርር፣ ፊት የሚመራ። በንጉሡ ቀኝ ቀኛዝማች። በግራ ግራዝማች።» ሌላ ስኒ ከጀበናው አፍ ሥር አስጠጉ። «ይኸ ደጃዝማች። የደጁ አዝማች ነው። ከኋላ ደግሞ ደጀን።» ቀጥለው ከሰፌዱ ቆሎ እየዘገኑ በየስኒው ዙሪያ በተኑ። «የየአንዳንዱ ሹም ሰው በሹሙ ዙሪያ ነው የሚያርፈው። ጋሻ ጃግሬው፣ ነፍጠኛው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ጭነኛው። ማታ ጨለማ ውስጥ ከመንገድ የቀረ ሰው የንጉሡን ድንኳን ካየ የራሱን ጎጆ አያጣም። በየቀኑ ቦታው ይለወጣል፤ አቀማመጡ ግን አይለወጥም። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ራቅ ብሎ፣ ጎረቤትህ ያው ጎረቤትህ ነው።»

ረከቦቱን አጎንብሼ አየሁት። ሠላሳ ዓመት የኖርሁበት ከተማ ካርታ ነበር፤ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር፣ ዘበኛ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር። ማዕረጎቻችን ራሳቸው የቦታ ስሞች ናቸው፦ ፊት፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ደጅ።

እትዬ እስከዚያ ዝም ብለው ነበር የሚሰሙት። «ገበሬውስ የታለ?» አሉ።

ጋሼ ረከቦቱን አዩት።

«ቆሎው የማን ነው?» አሉ እትዬ። «ጦር ሲሰፍር የሚበላው የማንን ነው? እናቴ የሷን አያት እያነሣች ታለቅስ ነበር። ዮሐንስ ጎጃምን ባጠፉ ጊዜ ጎተራውም ጥጃውም አልተረፈ።»

ያሉት እውነት ነው። በ1881 ዓ.ም.፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋር መክረዋል ተብሎ አፄ ዮሐንስ ጎጃም ላይ ዘመቱ፤ ጦሩ አገሩን ባዶ አድርጎት ሄደ። ዘመቻ ባይኖርም ወታደር ተሰሪ ሆኖ በገበሬ ቤት ይመደባል፤ ቤተሰቡ ከሚበላው ቀድሞ ያበላዋል። ጋሼ ለሠላሳ ምናምን ዓመት ይህንን ሰፈር ሰሌዳ ላይ ሲሥሉ ገበሬውን የሚያሳዩበት ቦታ እንዳልነበራቸው ነገሩኝ። ከዚያ የቀረውን ቆሎ ከሰፌዱ ላይ ወስደው ከሁሉም ስኒ ውጭ፣ በምንጣፉ ዳር ዳር፣ በቀጭኑ አፈሰሱት። «በል ጠጣ፣ ቀዘቀዘ» አሉኝ።

ጥር 21፦ ከማርቆስ ወደ ደምበጫ

አስተርእዮ ማርያም ናት። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳለምሁ፤ መንገዱ በነጭ ነጠላ ተሞልቷል።

ጣሊያን ማርቆስ የገባው በግንቦት 1928 ዓ.ም. ነው። እሱም ከፍታውን ነው የያዘው፤ ሰፈሩ ግን ሌላ ሰፈር ነው። የእኛ ጦር ሰፈር ቢበዛ የእሾህ አጥር ይኖረዋል እንጂ የሚጠብቀው ሰዉ ነበር፤ በደረጃ በደረጃ የከበበው ሰው ራሱ ቅጥር ነው። የጣሊያን ደግሞ ድንጋይ ካብ፣ ሽቦ፣ የመትረየስ ጎጆ፣ ዙሪያውን የተመነጠረ ሜዳ። የመጀመሪያው ከአገሩ ጋር ይነሣል፣ ከአገሩ ጋር ይሰፍራል፤ አገሩን ይበላዋልም። ሁለተኛው አገሩን ፈርቶ የተቀመጠ ነው። ደግሞም ሊፈራ ይገባው ነበር። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም ካመፀ በኋላ ገጠሩ የአርበኞች ሆነ፤ በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለው በየወረዳቸው ሲንቀሳቀሱ ጠላት በየምሽጉ ተዘግቶ ቀረ። ማርቆስን የለቀቀው በመጋቢት 1933 መጨረሻ ነው። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፣ የንጉሡ ልጅ፣ ከጣሊያን ጋር የነበሩት፣ ከተማዋን ይዘው ቆዩና መጋቢት 28 ቀን ለገቡት ለንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ተገዙ። አባታቸው በቆረቆሩት ግቢ ከባዕድ ጋር ኖረው አንገታቸውን ደፍተው የወጡበት ቀን ነው፤ ቤተ መንግሥቱን እያየሁ ይህንን ማሰብ ከበደኝ።

በሚኒባስ በ35 ብር በአማኑኤል በኩል ደምበጫ ገባሁ። ከመናኸሪያ ወጥቼ ገና ሦስት ቤት ሳላልፍ አንዲት እናት ከደጃቸው ሆነው «ኧረ ና ግባ የኔ ሸጋ፣ በማርያም ቀን በደጅ አይታለፍም!» አሉኝ። ዝክር ነበር። ዶሮ ወጥ፣ የተነጠረ ቅቤ የሚሸት፣ ከሸክላ ጣሳ ጠላ። ልከፍል ብሞክር ተቆጡኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ጎረቤቴን በስሙ የማላውቀው ሰው እዚህ በአንድ ሰዓት የአሥር ሰው ስም አወቅሁ።

ምግቡ ካበቃ በኋላ አንድ ሽማግሌ ወንዝ ዳር የነበረውን ውጊያ አወሩኝ። የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ከሱዳን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር የመጣው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጠላትን ቀድሞ መንገድ ለመዝጋት ሲጓዝ ከደምበጫ አጠገብ ወንዝ ዳር፣ ከመንገዱ ላይ ሰፈረ። ከቡሬ ለቅቆ የሚሸሸው የጣሊያን ጦር በሺዎች ሆኖ፣ ታንክ የሚመስሉ ብረት ለበሶቹን አስቀድሞ፣ ጠዋት እላዩ ላይ መጣበት። ሻለቃው ተዋግቶ ብዙ ሰው ገደለ፣ ከራሱም ብዙ ሰው ሞተና ቆሰለ። ሽማግሌው መሬቱን በዱላቸው እየጫሩ «ጀግንነት አልጐደላቸውም፤ ሰፈሩ ነው የከዳቸው። ከፊታቸው ፊታውራሪ ቢኖር ኑሮ መምጣቱን ይነግራቸው ነበር» አሉ።

የጋሼ ስኒ ትዝ አለኝ። ከጀበናው ፊት ራቅ ብላ የተቀመጠችው።

ጥር 22፦ ቡሬ

ከደምበጫ በጅጋና በፍኖተ ሰላም አድርጌ ቡሬ ደረስሁ፤ 50 ብር። መንገዱ ጥሩ ነው። ፍኖተ ሰላም ሙዝ ገዛሁ፣ ኪሎው 18 ብር፣ አዲስ አበባ ከምገዛው የጣፈጠ።

አንድ ነገር ልናገር። በመንገዴ ላይ ባለ አንድ ከተማ የዛሬ የወታደር ካምፕ አጥር አጠገብ ቆሜ የከተማውን ተራራ ፎቶ ላነሣ ስልኬን ሳወጣ የጥበቃው ልጅ ደርሶ ከለከለኝ። ስሜን፣ ሥራዬን፣ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ያነሣሁትን አጠፋሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፀሐይ ላይ አቆመኝ። ደንቡን አከበርሁለት። ሲለቀኝ «የት ነህ?» አልሁት። «ወሎ» አለ። እናቱን ካያት ሁለት ዓመቱ ነው።

ቡሬ በ1933 ዓ.ም. ከጎጃም ዋና ዋና ምሽጎች አንዷ ነበረች። ብዙ ሺህ የጠላት ጦር ተቀምጦባታል። ወደዚያ የመጣው «የጌዴዎን ኃይል» የሚባለው፣ በእንግሊዛዊው ዊንጌት የሚመራው ጦር ሁለት ሺህ የማይሞላ ነበር፤ ጓዙን በሺዎች በሚቆጠሩ ግመሎች ጭኖ ቆላውን ሲያቋርጥ ግመሎቹ በመንገድ እያለቁ ነው የደረሰው። ዙሪያውን ግን አርበኞች ነበሩ። ሌሊት ሌሊት እየተኮሱ፣ ቦታ እየለወጡ፣ ጥቂቱን ብዙ አስመሰሉት። የካቲት 25 ቀን ጠላት ምሽጉን ጥሎ ወጣ።

የአካባቢው ሰው የጣሊያን ምሽግ ነበር ወደሚለው ጉብታ አንድ እረኛ ልጅ ይዞኝ ወጣ። የቀረው ካብ ወገብ አይደርስም። ድንጋዩን ሰው ለቤትና ለአጥር ወስዶታል፤ ይህም መልካም ነው፣ የአገሩ ድንጋይ ወደ አገሩ ገበሬ ተመልሷል። አንድ ጥግ ላይ ግን ሳይፈርስ የቀረ የመተኮሻ ቀዳዳ አለ። እጄን ከተትሁበት። በውስጥ በኩል ሁለቱም ክንዴ ይገባል፤ በውጭ በኩል መዳፌ ብቻ ነው የሚያልፈው። ከውስጥ ያለው ሰው ሰፊ አገር እንዲያይ፣ ከውጭ ያለው ሰው እሱን እንዳያገኘው የተጠረበ ነው። ዓይኔን አስጠግቼ አየሁ፦ የተወቃ አውድማ፣ ሁለት በሬ፣ ልብስ የምታሰጣ ሴት። አምስት ዓመት ሙሉ በዚህች ቀዳዳ ብቻ ጎጃምን ያየ ሰው ስለ አገሩ ምን እንደሚያውቅ አሰብሁ። ልጁ የምፈልገው ጥይት መስሎት «ቀለሃ የለም፣ ታላላቆቻችን ለቅመው ጨረሱት» አለኝ። ሙዙን ተካፈልን።

ማታ አልጋ በ250 ብር አገኘሁ። ዓርብ ነውና ሽሮ፤ ሥልጆም ጨመሩልኝ።

ጥር 23፦ እንጅባራ

ከቡሬ ማልጄ ተነሥቼ ሚኒባስ ባጣም አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በ40 ብር ጋቢና ጫነኝ። የዛሬው ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም.፣ ጠላት ገና አገር ውስጥ ሳለ ነው የተመሠረተው፤ በየዓመቱ በጊዮርጊስ ቀን አድዋ ላይ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ይዘክራል።

አራት ሰዓት ላይ ሜዳው ሞላ። የፈረሱ ግምጃ፣ የግንባሩ መርገፍ፣ ጋሻው፣ ጦሩ። አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው፤ ከአንዲት ሴት የዳጉሳ ጠላ በ10 ብር ገዝቼ ጠጣሁ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ዝብርቅርቅ መሰለኝ። ቆይቼ ሳይ ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱ መቆሚያ አለው፦ ባንጃ፣ አንከሻ፣ ዚገም፣ ሌሎቹም። የሚጽፍ የለም፣ በድምፅ ማጉያ የሚያስቆም የለም፣ ሁሉም ይገባል፣ ይቆማል።

ከአጠገቤ አንድ አሥራ ሦስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ዘግይቶ በግራጫ ፈረስ እየጋለበ መጣ። ተደናግጦ ልጓሙን ይስባል፣ ፈረሱ በክብ ይዞራል። አንድ ፈረሰኛ ሽማግሌ አዩት። አልተቆጡትም። «ከአያ ግራ ነው» አሉት በጦራቸው እያመለከቱ፣ «አባትህ እዚያ ነበር የሚቆመው።» ልጁ ፈረሱን አስጠግቶ በተከፈተለት ክፍተት ገባ። የግራና የቀኝ ፈረሶች አንድ እርምጃ ገለል አሉለት፣ ከዚያ ተመልሰው ተጠጉ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየሁ። በዚያው ቀን ባሕር ዳር ገብቼ በማግስቱ በአውቶቡስ ተመለስሁ።

አዲስ አበባ

ማክሰኞ ከሥራ በፊት ከደጃች ውቤ ሰፈር ተነሥቼ በእግሬ ወደ አራት ኪሎ ወረድሁ። የምኒልክ ግቢ በ2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል። እንቁላል ቤት አጠገብ፣ ንጉሡ ከተማውን ይመለከቱበት ከነበረው ቤት ሥር ቆምሁ። ፎቁና ባሕር ዛፉ ብዙውን ይጋርዳል። የመጣሁበትን መንገድ በዓይኔ ተከተልሁትና ሰፈሬን ወደ ፒያሳ በኩል፣ በሰሜን ምዕራብ አገኘሁት። አያቴ ቢጠይቁኝ አሁን የምነግራቸው አለኝ።